«ሕጉ ይላላ፣ ሥራው ይበዛል» ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ የደረሰ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የጎጃም ልጅ ናቸው፤ ለአካባቢው ተቆርቁረው እንደጻፉትም አልጠራጠርም። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ሠራተኛውን ስላንቀባረረው ባለሀብት ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ መጥቶ ሰው ለመቅጠር ይፈራል። ስለዚህ በጊዜያዊ ቅጥር ላይ ያለው ገደብ ይነሳ፤ ያለአግባብ ለተሰናበተ ሰው የሚከፈለው ካሣም ይቅር። የሥራ ዋስትና እንደሆነ ሰውን ደስተኛ አያደርግም፤ ይህን የአውሮፓ ጥናት አረጋግጧል፣ ውል የሚባል ነገር ሳያይ ተደስቶ የሚኖረው የጎጃም ገበሬም ምስክር ነው። ወጣቱም ቢሆን ከፋብሪካ በወራት ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ይለቃል፤ ዋስትና ማን ጠየቀ?

እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ክስና አቤቱታ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ፊቴ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ከሥራ የተሰናበተ ነው፤ ሥራው የሞላለት ሰው እኔ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ስለዚህ ሚዛኔ ወደ አንድ ወገን ሊያጋድል እንደሚችል አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ነጥቦቹን ግን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሕጉ በእርግጥ ጠንክሯል?

በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 377/1996 ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው «ማሰናበት እየከበደ መጣ» ለማለት ይቸገራል። የሙከራ ጊዜ 45 ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆኗል፤ በሙከራ ላይ ያለን ሰው ደግሞ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ያሰናብተዋል። ድሮ ከሥራ መቅረት ለስንብት የሚያበቃው አምስት ቀን በተከታታይ፣ ወይም በአንድ ወር አሥር ቀን፣ ወይም በዓመት ሠላሳ ቀን ሲሆን ነበር፤ አሁን በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ተደምሮ አምስት ቀን ከሞላ ይበቃል። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደም ያለ ማስጠንቀቂያ ይሸኛል። በእርግጥ የዓመት ዕረፍቱ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃዱም ወደ 120 ቀን አድጓል። አዋጁ በዕረፍት በኩል ጨመረ፣ በስንብት በኩል ለቀቀ። የጸሐፊው ክርክር ስለ ስንብት ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ይላላ ያሉት ሳይጠይቁ ላልቷል።

«ፋብሪካው ቆሞም ደመወዝ ክፈል የሚል ሕግ» ያሉትም የለም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን ሲቋረጥ አሠሪው ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አሳውቆ፣ ምክንያቱም ተቀባይነት ካገኘለት፣ ውሉን እስከ 90 ቀን ማገድ ይችላል። በእገዳው ጊዜ ደመወዝ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ጥሬ ዕቃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ ለኖረ ባለሀብት ሕጉ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግለት? የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ይኸው አዋጅ ሥራ ላይ ነበር፤ ያኔ ማንም «አዋጁ አስፈራኝ» ሲል አልሰማንም። ባለሀብቱን ያስፈራው ምን እንደሆነ የፈለገ ሰው ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶበት የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ይጠይቅ። የካሣ አንቀጽ ፈርቼ ነው የቆምኩት የሚል ሾፌር ካገኘ ይንገረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው ስለ «ጥብቅ ሕግ» ሲጽፉ ከሕጉ ጣሪያ ውጭ የቀረውን ሰው ረስተውታል። የቤት ሠራተኛዋ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም፤ ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንደሚቋቋም አዋጁ ራሱ ጽፎ፣ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ወለሉ አልተነጠፈም። በማለዳ አካፋና ዶማ ይዞ መንገድ ዳር የሚቆመው የቀን ሠራተኛ በወረቀት ላይ መብት አለው፤ የሚያዘው ሰው ግን በማግሥቱ ሌላ ነው። ማንን ይከሳል?

ያልተነበበው የጥናቱ ግማሽ

ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነጥብ ይህኛው ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድበት። «በአውሮፓ የተደረገ ጥናት፣ ሕጉ በጠበቀበት አገር ሠራተኛው ይበልጥ እንደሚሰጋ አረጋግጧል» ይላሉ። ጥናቱን በስም አልጠሩትም፤ ከገለጻቸው ስነሳ ግን አንድሩ ክላርክና ፋብያን ፖስቴል-ቪኔ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት መሆን አለበት። ሁለቱ የ12 የአውሮፓ አገሮችን መረጃ ይዘው፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለውን መተማመን ከየአገሩ ሕግ ጋር አነጻጽረዋል። ጸሐፊው የጠቀሱት ውጤት በእርግጥ አለ። ማሰናበትን አጥብቆ በሚገድብ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ቋሚውም ጊዜያዊውም፣ መተማመኑ ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱን መገመትም አይከብድም። አንዴ የቀጠረውን ማሰናበት የሚቸግረው አሠሪ አዲስ ሰው ለመቅጠር እጁ ያጥራል፤ በዚያ አገር ሥራውን ያጣ ሰው ሌላ እስኪያገኝ ብዙ ይንከራተታል፤ እና ያለችውን ሥራ እንደ ዓይኑ ብሌን እየጠበቀ ሲሰጋ ይኖራል።

ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል። ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው ድጎማ ለጋስ በሆነበት አገር ሠራተኛው ይበልጥ ይተማመናል። ደግሞም ከሁሉ በላይ የሚተማመነው የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ከሁሉ በታች ያለው ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። ጸሐፊው አንዱን ይዘው ሁለቱን ጥለዋል። ዴንማርክንም ያመጡት በዚሁ መንገድ ነው፦ «አሠሪው በቀላሉ ይቀጥራል፣ በቀላሉ ያሰናብታል፣ ሕዝቡ ግን ከዓለም ደስተኞች አንዱ ነው።» እውነት ነው፤ በየዓመቱ በሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ሰዎች ሕይወታቸውን ከ0 እስከ 10 በሚቆጠር መሰላል ላይ እንዲያስቀምጡ ሲጠየቁ ዴኖች ከላይኞቹ አይጠፉም። ይሁንና እዚያ የሥራ አጥ መድን አባል የሆነ ሰው ሥራውን ሲያጣ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ገቢ ይቆረጥለታል፤ ሥልጠናና ሥራ የሚያፈላልግለት መሥሪያ ቤትም ከኋላው አለ። ይህን ትቶ ያንን ብቻ ማምጣት ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ነው።

እኛ ዘንድ የሥራ አጥ መድን የሚባል የለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አለን፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ያ ግን የ60 ዓመት ሽማግሌ ለመጦር የታሰበ ነው እንጂ በ28 ዓመቱ ሥራውን ያጣ የሁለት ልጆች አባት ለሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ የሚከፍልበት አይደለም። ለእሱ ያለው የማስጠንቀቂያ ጊዜው፣ የስንብት ክፍያውና፣ ስንብቱ ሕገወጥ ከነበረ፣ ካሣው ብቻ ነው። ሌላ አገር በመድን የሚሸፈነውን እኛ በዚህ አዋጅ ነው የሸፈንነው። ጸሐፊው ይነሳ ያሉት እንግዲህ ይህንኑ ነው፤ በምትኩ የሚመጣውን ግን በአንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። መጀመሪያ መድኑ ይቋቋም፣ ከዚያ ሕጉ ይላላ ቢሉ ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩት ነበር።

ነገሩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። ሊሊያና እና ራይነር ቪንከልማን እ.ኤ.አ. በ1998 የጀርመን መረጃ ተንትነው እንዳሳዩት፣ ሥራ ማጣት የሰውን የሕይወት እርካታ የሚጎዳው ከቀረበት ገቢ እጅግ በሚበልጥ መጠን ነው። ለጎጃም ሰው ይህን ለመንገር ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። እንጀራው የተቆረጠበት ሰው ዕድር ላይ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማኅበር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቀር አይቶ መፍረድ ነው።

መሸጋገሪያ ነው የተባለው ጊዜያዊ ቅጥር

በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ነው። የታመመ ሠራተኛን መተካት፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ አስቸኳይ ጥገና፣ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ሥራ፣ እንዲህ ያሉት ናቸው። ጸሐፊው ዝርዝሩ ይጥፋ፣ አሠሪው ለፈለገው ጊዜ ይቅጠር ይላሉ፤ ጊዜያዊው ቀስ እያለ ቋሚ ይሆናል ብለው ያምናሉ።

አንድ ጎልማሳ የጥበቃ ሠራተኛ ውሎቹን በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። ሁሉም የሦስት ሦስት ወር ናቸው። ጽሑፉ አንድ ነው፤ ቀኑ ብቻ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። በአንዱና በሌላው መሐል ሁለት ሦስት ቀን ክፍተት አለ፤ አገልግሎቱ እንዳይያያዝ ታስቦ። በእነዚያ ቀናት የት ነበርክ ብዬ ስጠይቀው «እዚያው በሩ ላይ ነዋ፣ ማን ይተካኛል?» አለኝ። በሩ ዓመቱን ሙሉ ይጠበቃል፤ ጠባቂው ግን በወረቀት ላይ ሁልጊዜ አዲስ ገቢ ነው። የዓመት ዕረፍት ጠይቆ አያውቅም፤ ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲቃረብ ከአለቃው ጋር በሰላምታ እንኳ ላለመሳሳት ይጠነቀቃል። ይህ ሁሉ ገደቡ ባለበት ነው። ሲነሳስ?

የሕይወት እርካታ የሚባለውን ከዚህ ሰው ኑሮ ላይ እንየው። ዕቁብ አለው። ዕጣ ሲወጣለት ገንዘቡን ለማንሳት ዋስ ይጥራ ይባላል፤ ዋሱ ደግሞ ቋሚ ሥራ ያለው መሆን አለበት። ጓደኞቹ እንደሱ የኮንትራት ናቸው። ስለዚህ ዕጣው ቢወጣለትም ለሌላ ይለቅና ራሱ መጨረሻ ላይ ያነሳል፤ ያኔ ገንዘቡን የሚፈልግበት ጉዳይ አልፏል። የእህቱ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆና ልትቀጠር ስትል ከቋሚ ሠራተኛ የዋስትና ደብዳቤ አምጪ ተባለች፤ አጎቷ ሊጽፍላት አልቻለም። ሽማግሌ ልኮ ሊያገባ የነበረ ታናሽ ወንድሙም በዚያው ጥያቄ ተመልሷል፦ «ሥራው ቋሚ ነው?» አንድ ሰው ቋሚ አለመሆኑ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ዘመድ ሁሉ ነው የሚያጎድለው። የአውሮፓ መጠይቅ ይህን አይጠይቅም፤ ደብረ ማርቆስ ያለ የዕቁብ ዳኛ ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ጸሐፊው የሌላ አገር ልምድ ስለሚወዱ ስፔንን ላንሳላቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ስፔን ሥራ አጥነቱ አስጨንቋት የጊዜያዊ ቅጥርን ገደብ ከፈተች። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከተቀጣሪዎቿ ሲሶ ያህሉ ጊዜያዊ ሆኑ። ሥራ አጥነቱ ግን አልለቀቃትም፤ ችግር በመጣ ቁጥር ጊዜያዊው ቀድሞ እየተራገፈ፣ እንደገና እየተቀጠረ፣ ተመልሶም እየተራገፈ ኖረ። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሕጉን መልሶ ያጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የወሰደ ትምህርት ነው፤ እኛ ከመጀመሪያው ገጽ ልንጀምረው ነው የሚሉን።

ገበሬው ውል የለውም?

«የጎጃም ገበሬ ውል ሳያውቅ ደስተኛ ነው» የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው ከቀያቸው ከወጡ ስንት ዓመታቸው ይሆን አልኩ። ገበሬው ዋስትና የለውም ያላቸው ማን ነው? የእሱ ዋስትና መሬቱ ነው። በክልላችን የገጠር መሬት ሲመዘገብ የተሰጠውን የይዞታ ደብተር ገበሬው ሣጥን ውስጥ ከልብሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤውን ከዚያ በላይ አያከብርም።

ታሪኩም ይመሰክራል። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ አንስቶ ያመፀው የግብሩ መጠን በዝቶበት ብቻ አልነበረም። መሬቱን ሊለኩ፣ ሊገምቱ መጡ ሲባል ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ነው። መንግሥት ጦር ልኮ፣ አውሮፕላን ጭምር ተጠቅሞ፣ በመጨረሻ ግብሩን መሰብሰብ አቅቶት አገረ ገዢውን አነሳ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት ሲሸነሸንም ጎጃም ውስጥ የነበረውን ቁጣና ምሬት በዚያ ዘመን የነበረ ያስታውሰዋል። ስለ ነገ የማያስብ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ነገን የሚያሳጣው ነገር ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከ1989ኙ ሽንሸና ወዲህ የተወለደ የገበሬ ልጅ ብዙው መሬት አልደረሰውም። አባቱ ያለውን ለወንድማማቾች ቢያካፍል ለማንም የማይበቃ ቁራሽ ይሆናል። ይህ ልጅ ወይ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፣ ወይ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት የጉልበት ሠራተኛ፣ ይሆናል፣ ወይ ከተማ ገብቶ የቀን ሥራ ይይዛል። ሰሊጥ ቆላ ወርዶ በወባ ተንዘፍዝፎ፣ የሠራበትን ከደላላ ጋር ተሟግቶ የተመለሰ ወጣት ስለ ነፃና ልቅ የሥራ ገበያ ከጸሐፊውም ከእኔም በላይ ያውቃል። የአባቱ ዋስትና ደብተሩ ነበር። ለእሱ ደብተር የሚሆነው የቅጥር ደብዳቤ ነው። ስለዚህ የአባትን እርካታ ጠቅሶ የልጁን ዋስትና ማንሳት፣ ሌላውን ትቼ ልናገር፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወጣቱ በፈቃዱ ይለቃል

ይለቃል። ይህን አልክድም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ወደ 1,000 ከሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ከፊሉ የፋብሪካ ሥራ፣ ከፊሉ ወደ 300 ዶላር የሚሆን መነሻ ገንዘብና ሥልጠና አገኙ፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ምንም ሳያገኙ ቀሩ። ሥራ ካገኙት ሢሶው በመጀመሪያው ወር፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። ግን ለምን? ክፍያው ከሌላው የጉልበት ሥራ አይሻልም ነበር፤ ሥራው ለጤና አደገኛ ነበር። በአንጻሩ መነሻ ገንዘብ ያገኙት ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በሲሶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ፤ ምንም እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ ልዩነቱ ቢጠፋም። ከዚህ ጥናት «ወጣቱ ዋስትና አይፈልግም» የሚል ድምዳሜ እንዴት ይወጣል? የማያዛልቅ ሥራን ጥሎ መሄድ ሌላ፣ የሚያዛልቀውን ሥራ አለቃው ስለተቆጣ ብቻ ማጣት ሌላ። ሁለቱን ማምታታት ከቤቱ የወጣውንና ከቤቱ የተባረረውን አንድ ማድረግ ነው።

ቋሚ ሠራተኛ ይሰንፋል ስለሚለው ብዙ አልልም። ሥራውን በተደጋጋሚ ያልሠራ፣ ያረፈደ፣ የቀረ፣ የሰረቀ፣ የተደባደበ ሁሉ በሕጉ ይሰናበታል። አለቃው ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ መስጠት ከሰነፈ ሰነፉ ማን እንደሆነ ጸሐፊው ይፍረዱ።

ካሣው ይቅር ያሉት

ሂሳቡን እናውጣው። በወር 4,500 ብር የሚከፈለው፣ አራት ዓመት የሠራ ሰው ያለአግባብ ተሰናበተ እንበል። ወሩን በ30 ብናካፍል የቀን ደመወዙ 150 ብር ነው። ፍርድ ቤት ወደ ሥራው ካልመለሰው ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ፣ 27,000 ብር ይሆናል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት የአሥር አሥር ቀን፣ በድምሩ የ60 ቀን፣ 9,000 ብር ነው። ያልተሰጠው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሌላ 9,000 ብር። ሁሉም ተደምሮ 45,000 ብር፣ የአሥር ወር ደመወዝ። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ደግሞ ሰውን በሕጉ መሠረት ያሰናበተ አሠሪ አይደለም። ሕጉን ጥሶ ያሰናበተ፣ ተከስሶ የተረታ ብቻ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስም በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄውም በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ መንገድ ተዘግቶበት፣ ወይም መብቱን ሳያውቅ ጊዜውን ያሳለፈ ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ አዝኜ ከመሸኘት ሌላ የምጽፍለት የለኝም።

እንግዲህ ጸሐፊው ይህን ካሣ ከፍሎ ፋብሪካውን የዘጋ ባለሀብት ጎጃም ውስጥ የሚያውቁ ከሆነ፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ ስንት ሰው አሰናብቶ፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ብር ከፍሎ እንደዘጋ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይዘርዝሩልን። እኔ ደግሞ ከዚያ ተነስቼ እመልሳለሁ።